የ16 ወር ነርሲንግ ተቀበሉኝ፤ ብድሩን ግን ማን ይፈርምልኝ?

የሁለት ልጆች እናት | አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

በ2019 በዲቪ መጣን። አገር ቤት በአካውንቲንግ ተመርቄ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ ግን እንደ ብዙዎቻችን ከሲኤንኤ፣ ማለት ከነርስ ረዳትነት፣ ጀመርኩ። አሁን አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ማታ ማታ እሠራለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ልጆቻችን 7 እና 4 ዓመታቸው ነው።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ፕሪሪኮቹን፣ ማለት ነርሲንግ ለመግባት የሚጠየቁትን ኮርሶች፣ አንድ በአንድ ጨረስኳቸው። አናቶሚ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኒውትሪሽን። የአገር ቤት ዲግሪዬንም አስገመገምኩ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ የኤቢኤስኤን፣ ማለት ሌላ ዲግሪ ላላቸው የተፋጠነ የነርሲንግ ባችለር፣ ቅበላ ደረሰኝ። በነሐሴ 2026 ይጀምርና በ16 ወር ያልቃል። ደብዳቤውን ሳነብ አለቀስኩ። ከዚያ የክፍያው ገጽ ላይ ደረስኩ።

ትምህርቱ ብቻ 64 ሺህ ዶላር ነው። ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ሞልቼ ስለነበር የእርዳታ ደብዳቤም ልከውልኛል። የፌዴራል ብድር በዓመት 12,500 ዶላር። ፔል ግራንት፣ ማለት የማይመለሰው የመንግሥት እርዳታ፣ ዜሮ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ 4 ሺህ ስኮላርሺፕ ሰጥቶኛል። ቀሪውን በግል ብድር መሸፈን እንደምችል ጽፈው አልፈዋል። ብድሩን ሁለት ዓመት ብወስድ እንኳ 35 ሺህ ይጎድለኛል።

ባንኮቹን ሞከርኩ። ክሬዲቴ መጥፎ አይደለም፣ ግን ገቢዬ ትንሽ ነው ብለው ኮሳይነር፣ ማለት አብሮሽ የሚፈርም ሰው፣ አምጪ አሉኝ። የባለቤቴ የአጎት ልጅ "እኔ ዋስ እሆንሻለሁ፣ ለነርስነት ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው" ብሎኛል። ጥሩ ሰው ነው፣ ጥሩ ሥራም አለው።

ሌላው አማራጭ በአቅራቢያችን ያለው የኮሚኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ነርሲንግ ነው። እዚያም አመልክቻለሁ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ግን ዲግሪ ይዤ ወደ አሶሼት፣ ወደ ሁለት ዓመቱ ዲግሪ፣ መመለስ ከበደኝ። 34 ዓመቴ ነው። ቶሎ መጨረስ እፈልጋለሁ።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ምን ትሉኛላችሁ?

የአይሲዩ ነርስ | ሜሪላንድ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ቅበላው ቀላል አይደለም፣ መጀመሪያ ይህን ለራስሽ ንገሪው።

እኔ በ2021 ነው ኤቢኤስኤን የገባሁት። ዛሬ አርኤን፣ ማለት ፈቃድ ያለኝ ነርስ፣ ነኝ፣ ሥራዬንም እወዳለሁ። ስለ ኮሳይነሩ ግን የሆነብኝን ልንገርሽ።

ወንድሜ ነበር የፈረመልኝ። 38 ሺህ ዶላር ነው የተበደርኩት። ስጨርስ ፈተናውን ለመውሰድ ዘገየሁ፣ የመጀመሪያውንም አላለፍኩም። በሁለተኛው አለፍኩ። ያ ሁሉ ሲሆን የክፍያ ጊዜው ደረሰና ሁለት ወር ሳልከፍል አለፈኝ። አበዳሪው ለኔ ብቻ አይደለም የጻፈው። መዘግየቱ የወንድሜ ክሬዲት ላይም ወጣ።

የባሰው ግን እሱ አይደለም። ያንኑ ዓመት ወንድሜ ቤት ሊገዛ ባንክ ሄደ። ባንኩ የኔን ብድር የሱ ዕዳ አድርጎ ቆጠረው፣ የፈለገውንም ያህል አላበድርም አለው። ሚስቱ ስለ ብድሩ የሰማችው ያን ቀን ነው። ከወንድሜ ጋር አንድ ዓመት ሙሉ በበዓል ቀን ብቻ ሰላም ስንባባል ከረምን። አሁን ታርቀናል። የዚያን ዓመት ነገር ግን ሁለታችንም አናነሳውም።

ዋስ የሚለው ቃል ያሳስተናል። አገር ቤት ዋስ ማለት "ይህቺን ልጅ አውቃታለሁ፣ አትጠፋም" ብሎ መመስከር ነው። እዚህ ግን ኮሳይን ያደረገ ሰው ራሱ ተበዳሪ ነው። አንቺ ተማሪ ሆነሽ ገና አንድ ሳንቲም ሳትከፍዪ እንኳ ብድሩ በሱ ስም ተጽፎ ይቆያል። የአጎቱ ልጅ ይህን አውቆ ነው "እሺ" ያለሽ? ሚስት ካለችው እሷስ ታውቃለች?

የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሠራተኛ

እህቴ፣ እኔ በአንድ ኮሌጅ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ነው የምሠራው። ስለ ቁጥሮቹ የማውቀውን ልጻፍልሽ።

በመጀመሪያ፣ ኤቢኤስኤንን እዚህ "ሴከንድ ዲግሪ" ይሉታል፤ በኛ ቋንቋ ግን "ሁለተኛ ዲግሪ" ስንል ማስተርስ ማለታችን ነው። እኛ ቢሮ የሚመጡ አበሾች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይደናገራሉ። ኤቢኤስኤን ማስተርስ አይደለም፤ ሌላ ባችለር ነው። መንግሥትም የሚያበድርሽ እንደ ማንኛውም የባችለር ተማሪ ነው። ብድሩ ትንሽ የሆነብሽ ለዚህ ነው። ራሱን የቻለ የባችለር ተማሪ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ በዓመት 12,500 ዶላር ነው ጣሪያው። ከዚያ ውስጥ ሰብሲዳይዝድ ሊሆን የሚችለው ቢበዛ 5,500 ነው፤ በትምህርት ላይ እያለሽ የሱን ወለድ መንግሥት ይከፍልልሻል። የሌላው ወለድ ገንዘቡ ከተለቀቀ ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። የ2025-26 የትምህርት ዓመት ወለድ 6.39 በመቶ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ 1 ላይ በአዲስ ይተካል። ላንቺ የሚሠራው አዲሱ ነው።

የዕድሜ ልክ ጣሪያም አለው፣ 57,500 ዶላር ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪያቸው እዚህ አሜሪካ የተበደሩ ሰዎች ይህ ጣሪያ ያንቃቸዋል። አንቺ አገር ቤት ስለተማርሽ ሙሉው አለሽ። የአገር ቤቱ ኮስት ሼሪንግ እዚህ አይቆጠርም።

አሁን ዋናው ነገር። 16 ወሩ በስንት የአካዳሚክ ዓመት እንደሚከፋፈል ዩኒቨርሲቲውን በጽሑፍ ጠይቂ። አራት ሙሉ ሴሚስተር ሆኖ ለሁለት ዓመት ከተከፈለ ሁለት ጊዜ 12,500 ታገኛለሽ። የመጨረሻው ክፍል ከአንድ የአካዳሚክ ዓመት ካነሰ ግን 12,500ው ሙሉ አይሰጥሽም፣ በክሬዲቱ ልክ ይቀነሳል። ይህን ሳያውቁ ገብተው መጨረሻው ሴሚስተር ላይ ገንዘብ ያለቀባቸውን አይቻለሁ። ሦስት ሴሚስተር ከከፈሉ በኋላ አራተኛውን ማጣት የሚያሳዝን ነገር ነው።

ደግሞም "ነርሲንግ ስቱደንት ሎን" አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት፣ ከኤችአርኤስኤ በሚመጣ ገንዘብ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው የሚያበድሩት ነው። ወለዱ 5 በመቶ ነው። ሁሉም ትምህርት ቤት የለውም፣ ያላቸውም ካልተጠየቁ ብዙ ጊዜ አይናገሩም።

የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። "ሁለተኛ ዲግሪ" ያልሽው በትክክል የኔ ስህተት ነበር። ማስተርስ እየመሰለኝ ብዙ ብድር ጠብቄ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ትንሽ ያሳፍራል። አማቴ "ፋፍሳው ላይ ዲግሪ የለኝም በዪ፣ ፔል ይሰጡሻል፣ የኢትዮጵያን ዲግሪ ማን ያውቃል" ይላሉ። እንዲህ ያደረጉ ሰዎችም አሉ ይባላል። እውነት የውጭ ዲግሪም ይቆጠራል?

የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሠራተኛ

ይቆጠራል። ከአገር ቤት ያመጣሽው ባችለር ፔል እንዳታገኚ ያደርግሻል፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ብትገቢም እንኳ። ስለዚህ የእማማን ምክር በአክብሮት ይለፉት በያቸው።

ፋፍሳ ስትፈርሚ "ሆን ብዬ ሐሰት ከሰጠሁ እስከ 20 ሺህ ዶላር ቅጣት፣ እስራት ወይም ሁለቱም ሊደርስብኝ ይችላል" የሚል ቃል ላይ ነው የምትፈርሚው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ነገ ለዜግነት ሲያመለክት እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝበት ምን እንደሚሆን አስቢ። ለጥቂት ሺህ ዶላር ብለሽ ልጆችሽ የቆሙበትን መሬት አትንኪ። ኤቢኤስኤን የገባሽውም በዚያው ዲግሪ እኮ ነው። አንዱ ቢሮ አለሽ፣ ሌላው ቢሮ የለሽም ሊል አይችልም።

ቲፒኤስ ላይ ያለሁ | ሲያትል

ይህን ውይይት ስላገኘሁት ልጠይቅ። እኔ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የመቆያ ፈቃድ) ነኝ፣ የአሳይለም (የጥገኝነት) ጥያቄዬም ገና በሂደት ላይ ነው። የፌዴራል ብድሩ ለኔም ይሆናል?

የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሠራተኛ

ወንድሜ፣ በቲፒኤስ ብቻ የፌዴራል ብድር አይሰጥም። አሳይለም በሂደት ላይ ያለም አያገኝም። አሳይለሙ የተፈቀደለት፣ ሪፊውጂ ሆኖ የገባ፣ ግሪን ካርድ ያለው ግን ያገኛል። ፈቃዱ በመጣ ጊዜ ፋፍሳ ሙላ። እስከዚያ ፕሪሪኮችህን ኮሚኒቲ ኮሌጅ እየከፈልክ ብትጨርስ ጊዜው አይባክንብህም።

ዳላስ ነኝ

እኔ የምለው፣ ለምን ቀጥታ ማስተርስ አትገቢም? ሌላ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች ከዜሮ ጀምሮ ነርስ የሚያደርግ ማስተርስ አለ። የማስተርስ ተማሪ በዓመት 20,500 ይበደራል፣ የጎደለውን ደግሞ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ይሞላዋል። ጓደኛዬ እንዲህ ነው የጨረሰችው። ኮሳይነርም አላስፈለጋት።

የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሠራተኛ

ጓደኛህ በጊዜው ትክክል ነበረች። አሁን ግን ሕጉ ተቀይሯል። ሐምሌ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ ሕግ ግራድ ፕላስን ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘግቶታል። በነሐሴ የሚጀምር ሰው አያገኘውም። 20,500ው እንዳለ ነው፣ አጠቃላይ ጣሪያው ግን 100 ሺህ ሆኗል። "ፕሮፌሽናል" ለተባሉ እንደ ሕክምናና ሕግ ላሉ ትምህርቶች በዓመት 50 ሺህ ተፈቅዷል። የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ባቀረበው ትርጉም ነርሲንግ ከዚያ ዝርዝር ውጭ ነው። የነርሶች ማኅበራት በዚህ የተቆጡት እውነታቸውን ነው፣ እኔም አብሬ ተቆጥቻለሁ።

የባችለሩ ዓመታዊ ጣሪያ ግን አልተነካም። ሙሉ ጊዜ የማይማር ሰው ብቻ በዚያው ልክ ይቀነስበታል። ኤቢኤስኤን ሙሉ ጊዜ ስለሆነ እህታችንን ይህ አያሰጋትም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ሰላም እህቴ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ወለድ ሐራም ስለሆነብኝ ብድሩን ከመጀመሪያው አልነካሁትም። ሌላው እንዲህ ያድርግ እያልኩ አይደለም፣ የራሴን መንገድ ልንገርሽ ብዬ ነው።

እኔም አገር ቤት በማኔጅመንት ተመርቄያለሁ። "ዲግሪ ይዤ ወደ አሶሼት" የሚለው ስሜት እኔንም አሞኛል። አክስቴ "ሰርግሽ ላይ የተመረቅሽበትን ፎቶ አልሰቀልንም ወይ፣ አሁን ምን ሆንሽ" ብላኝ አልቅሻለሁ። ግን የኮሚኒቲ ኮሌጅ ምሩቅም የኤቢኤስኤን ምሩቅም የሚቀመጡት አንድ ፈተና ላይ ነው፣ ኤንክሌክስ። ፈቃዱም አንድ ዓይነት አርኤን ነው። ታካሚው አልጋ ላይ ተኝቶ የት ተማርሽ አይልሽም።

መጽሐፉን፣ ዩኒፎርሙን፣ ፈተናውን ጨምሮ በጠቅላላው 14 ሺህ ዶላር ገደማ ነው ያወጣሁት። 10 ሺሁ ከእቁብ ነው የመጣው። ሃያ ሰው ነን፣ በወር 500። ለዳኛው ጉዳዬን ነገርኩት፣ ተራቸው የደረሰ አንዲት እናት "ለትምህርት ከሆነ ውሰጂ" ብለው ለወጡኝ። እቁብም ዋስ ይፈልጋል፣ አውቃለሁ። ግን የእቁብ ዋስ በየወሩ ያየኛል። ብቸገር አምስት መቶ ናት። ወለድ እየወለደች አታድርም።

ቅዳሜና እሁድ ሆስፒታል ውስጥ ቴክ፣ ማለት የነርሶች ረዳት፣ ሆኜ እሠራ ነበር። አርኤን ከሆንኩ በኋላ ባችለሩን በኦንላይን ጨረስኩ፣ የከፈለው አሠሪዬ ነው። አሠሪ ለትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ አድርጎ መስጠት ይችላል። ብዙ ሆስፒታል ይሰጣል።

ሂሳቡን በሁለቱም በኩል

ኤቢኤስኤንን ሁሉም ሲጥለው ስላየሁ በሌላ በኩል ላስላው። እኔም እንደሷ አካውንታንት ነበርኩ።

በአገር አቀፍ ደረጃ የአርኤን መካከለኛ ደመወዝ በግንቦት 2024 በዓመት 93,600 ዶላር ነበር። ይህ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮው ቁጥር ነው። በወር 7,800 ማለት ነው። ኤቢኤስኤን በ16 ወር፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ በ24 ወር ካለቀ ልዩነቱ 8 ወር ነው። 8 ወር በ7,800 ሲባዛ 62,400 ዶላር። ከታክስ በፊት ቢሆንም ትምህርቱን ሊመልስ ነው። እንዲህ ሲታይ ቶሎ መጨረስ ዋጋ አለው። "ውድ ነው" ብሎ ብቻ መተው ልክ አይመስለኝም።

ይሁንና ሁለት ነገር ይቀነሳል። አዲስ ምሩቅ መካከለኛውን ደመወዝ አያገኝም፣ ከሱ በታች ነው የሚጀምረው። ሁለተኛ፣ በ16 ወሩ ውስጥ መሥራት አትችዪም ማለት ይቻላል። ሌክቸር፣ ላቦራቶሪ፣ የሆስፒታል ልምምድ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ነው። አሁን በወር 2,600 ዶላር ቤት የምታስገቢ ከሆነ በ16 ወር 41,600 ይቀርብሻል። ኮሚኒቲ ኮሌጁ ጋር ግማሹን እንኳ እየሠራሽ ልትማሪ ትችያለሽ። ስለዚህ 8 ወሩ ያመጣው ትርፍ ከዚህ በኩል ሲፈስ ይውላል።

የግል ብድሩንም አስልቼዋለሁ። 35 ሺህ ዶላር በ11 በመቶ ለ10 ዓመት ቢሆን በወር 482 ዶላር ነው፣ ሲያልቅ 57,855 ከፍለሻል። በጥሩ ኮሳይነር 7 በመቶ ብታገኚ በወር 406፣ በጠቅላላው ወደ 48,770 ነው። በትምህርት ላይ ሳለሽ የሚጠራቀመው ወለድ ገና አልተደመረም። በሁለቱ ወለድ መካከል ያለው 9 ሺህ ዶላር የዘመድሽ ስም ዋጋ ነው ማለት ነው። ይህን ለሱም አሳዪው።

ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ የቀረሁ

ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን አሰብኩበት።

እኔ አላለፍኩም። ሜድ ሰርጅ በሚባለው የነርሲንግ ኮርስ ላይ ማለፊያው 77 ነበር፣ እኔ 75 አመጣሁ። ፕሮግራሙ አንድ ኮርስ የወደቀ ሰው ከቀጣዩ ቡድን ጋር ይጠብቃል ይላል፣ ቀጣዩ ቡድን ደግሞ ሙሉ ነበር። ማንንም ለመክሰስ አይደለም። እናቴ አገር ቤት ታማ ነበር፣ ሌሊት ሌሊት ስልክ ላይ ነበርኩ። ልቤ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ኮርስ ልቀጥል ብዬ ጀመርኩና አምስተኛው ሳምንት ላይ አቋረጥኩ። አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ የምለው ነገር ይህ ነው። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳያልፍ ካቋረጥሽ ትምህርት ቤቱ ያልተጠቀምሽበትን የፌዴራል ብድር ለመንግሥት ይመልሳል። የትምህርት ክፍያውን ግን ካንቺ ይፈልጋል። እኔ ላይ 6 ሺህ ዶላር ጥሬ ዕዳ ወጣ። እሱን ሳልከፍል ትራንስክሪፕቴን አልሰጥ አሉኝ። ትራንስክሪፕት ከሌለ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት መግባት የለም።

አሁን ዕዳዬን ከፍዬ ኤልፒኤን፣ ከአርኤን ዝቅ ያለውን የነርስነት ደረጃ፣ እየተማርኩ ነው። ደኅና ነኝ። እህቴ፣ ሁሉም ሰው ስለማለፍ ነው የሚያወራው። ባላልፍስ ብለሽ አንድ ጊዜ አስዪው። ያን ጊዜ ብድሩ ነርስ ሳትሆኚም ይጠብቅሻል። የፈረመልሽንም ሰው።

የአይሲዩ ነርስ | ሜሪላንድ

አይዞሽ የኔ እህት። 75ም እኮ ቀላል አይደለም። እናትሽ እንዴት ናቸው አሁን? ኤልፒኤኑን ስትጨርሺ ወደ አርኤን የሚያሻግር ብሪጅ ፕሮግራም አለ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የሜድ ሰርጅ ማስታወሻዎቼን ሁሉ እልክልሻለሁ።

ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ የቀረሁ

ተሽሏታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እጽፍልሻለሁ።

የድሮ የታክሲ ሰው | ዋሽንግተን ዲሲ

ልጄ፣ እኔ 31 ዓመት ታክሲ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ስለ ነርስነት አላውቅም። ስለ መፈረም ግን አውቃለሁ።

ለእህቴ ልጅ ፈርሜያለሁ። ዛሬ ነርስ ናት፣ ብድሩም አልቋል። አልቆጨኝም፣ ነገም እፈርማለሁ። ግን ስፈርም እንዲሁ አልፈረምኩም። ባለቤቴን አስቀምጬ አማክሬያታለሁ። ልጅቷን "የስድስት ወር ክፍያ ለብቻ አስቀምጪ፣ ብትሞቺ እንኳ አትንኪው" አልኳት። የብድሩን አካውንት እኔም በስልኬ እንዳየው አደረግን። እሷ ብትረሳ እኔ አየዋለሁ፣ አንድ ወር ከጎደለም እኔ እሞላለሁ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። ባንኩ ሳይደውልልኝ እኔ እንዳውቅ ነው።

ይሄ የባለቤትሽ ዘመድ ደግ ሰው ነው። ደግ ሰው "እምቢ" ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ሸክሙን አንቺ ንገሪው። ብሩን ብቻ ሳይሆን "ይህን ያህል ዓመት በስምህ ይቆያል፣ ቤት ልትገዛ ስትል ይቆጠርብሃል" በዪው። ያኔም "እሺ" ካለ የልቡ ነው።

የሁለት ልጆች እናት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማና "እኔ እኮ የዘመዴን ሚስት ሳናማክር ነው እሺ ያልነው" አለ። እውነቱን ነው። እሷ በዓመቱ መጨረሻ ቤት ልንገዛ ነው ስትል ከርማለች። እንዴት እንዳላሰብነው አላውቅም።

ክሊኒክ ነርስ | ሚኒያፖሊስ

ከተመረቅሽ በኋላ ስላለው ነገር ማንም አላነሳም።

ነርስ ኮር የሚባል የኤችአርኤስኤ ፕሮግራም አለ። የነርስ እጥረት ባለበት ቦታ ሁለት ዓመት ብትሠሪ ካለብሽ የነርሲንግ ብድር 60 በመቶውን ይከፍላል። ሦስተኛ ዓመት ከጨመርሽ ሌላ 25 በመቶ። ግሪን ካርድ ያለው ማመልከት ይችላል። ለነርሲንግ ትምህርት የወሰድሽው የግል ብድርም ይገባል። ግን ውድድር ነው፣ የሚሰጥሽ ገንዘብም ታክስ አለው። "ነርስ ኮር ይከፍልልኛል" ብሎ መበደር ትክክል አይደለም። እኔ ያገኘሁት በሁለተኛው ማመልከቻዬ ነው።

ሌላው ፒኤስኤልኤፍ ነው። ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ሙሉ ጊዜ እየሠራሽ 120 ወርኃዊ ክፍያ ከከፈልሽ ቀሪው የፌዴራል ብድር ይሰረዛል። የግል ብድር አይገባም። ከሐምሌ 2026 በኋላ የሚበደር ሰው ያለው በገቢ ላይ የተመሠረተ ክፍያ አንድ ብቻ ነው፣ ራፕ ይባላል። ለምሳሌ ገቢሽ 85 ሺህ ቢሆን ከሱ 8 በመቶ ነው፣ በወር 567 ዶላር ገደማ። ለእያንዳንዱ ልጅ 50 ይቀነሳል፣ ላንቺ 467 ይሆናል። ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ ታክስ ከሞላችሁ የሱም ገቢ ይደመራል። በዚህ ሂሳብ 25 ሺሁን ከስድስት ዓመት በታች ትጨርሽዋለሽ፣ ስለዚህ ፒኤስኤልኤፍ ብዙም አይጠቅምሽም። ያንቺ ችግር የፌዴራሉ 25 ሺህ አይደለም፣ እሱ ደኅና ብድር ነው። ችግርሽ 35 ሺሁ ነው።

የሁለት ልጆች እናት

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለስኩ። ዝም ያልኩት ስጠይቅ ስለነበር ነው።

ዩኒቨርሲቲውን በኢሜይል ጠየቅሁ። አራቱ ሴሚስተር ለሁለት የአካዳሚክ ዓመት ይከፈላል አሉ፣ ስለዚህ 25 ሺሁ ትክክል ነው። ነርሲንግ ስቱደንት ሎን የላቸውም። ተጨማሪ ስኮላርሺፕ ብጠይቅ 2 ሺህ ጨመሩልኝ። ካልጠየቅሁ አይሰጡኝም ነበር።

ከባለቤቴ ዘመድና ከሚስቱ ጋር እሁድ ቡና ላይ ተቀመጥን። ጋሼ እንዳሉት ሁሉንም በወረቀት ጽፌ ይዤ ሄድኩ። ወሩን፣ ጠቅላላውን፣ ባላልፍስ የሚለውንም። እሱ አሁንም እፈርማለሁ አለ። እሷ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችውና "ከቤቱ በኋላ ቢሆን" አለች። አነጋገሯ ቁጣ አልነበረበትም። እኔም በሷ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የምለው። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩ፣ ቡናችንን ጠጣን።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ የኮሚኒቲ ኮሌጁ መልስ መጣ። ተቀብለውኛል፣ ነሐሴ ላይ ይጀምራል። የዩኒቨርሲቲው ዲፖዚት የሚከፈለው ሰኞ ነው። አልከፍልም።

አዎ፣ ያማል። ያን የቅበላ ደብዳቤ ግን አልጣልኩትም። አሁን ያለሁበት መንከባከቢያ ቅዳሜና እሁድ ብቻ እንድሠራ ፈቅዶልኛል፣ የሆስፒታል ቴክ ሥራም እያመለከትኩ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ፣ ያንቺ ሆስፒታል ቴክ ይቀጥራል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ማታ ገቢ ነኝ፣ ማኔጀሬን ዛሬውኑ እጠይቃታለሁ። ሲኤንኤሽ የቨርጂኒያ ነው አይደል? የኛ ሆስፒታል ሜሪላንድ ስለሆነ ወረቀቱን ወደዚህ ማዛወር ሊያስፈልግ ይችላል። የሲፒአር ካርድሽ ጊዜው እንዳላለፈ እይ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። ሬዙሜሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።